ለአባባ ሙሄ ያነበብኩት ፈቃድ

ይህን ነገር እስከ አሁን ለማንም ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። ለእናቴ አልነገርኳትም። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ለተቀመጥነው ለትርሲትም አልነገርኳትም። ትርሲት የነፍስ አባት አላት፤ የከበዳትን ነገር ለእሳቸው ትነግርና ቀለል ብሏት ትመጣለች። እኛ ዘንድ ሰው ለሰው አይናዘዝም፤ ተውበት በባሪያውና በአላህ መካከል ነው። ግን ቁርኣን ያቀራን ኡስታዝ አንድ ነገር ነግሮናል። የሰው ሐቅ የነካ ሰው፣ ባለ ሐቁ ራሱ አፉ ብሎ ይቅር ካላለው በቀር፣ ግንባሩ እስኪላጥ ቢሰግድ ያ ነገር ከትከሻው አይወርድም። እኔ ደግሞ ባለ ሐቁን ሦስት ዓመት ሸሽቻለሁ። ስለዚህ መጀመሪያ ለእናንተ፣ ለማታውቁኝ፣ ልናገር። እንዳትራሩልኝ።

ሐዋ እባላለሁ። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው፤ የሐይቅ ከተማ ልጅ ነኝ። ዘንድሮ በትምህርት ቤታችን የድርሰት ውድድር አንደኛ ወጣሁ። ሰልፍ ላይ ሲነበብ ቲቸሮቹ ሳይቀሩ አጨበጨቡልኝ። ከዚያ ወዲህ መጻፍ ደስ ይለኛል ብል አነሰ፤ ያስፈነድቀኛል። አንድ ዐረፍተ ነገር ሲሳካልኝ ብቻዬን እስቃለሁ፤ እናቴ «ይችን ልጅ ምን ነካብኝ?» ትላለች። ሰው «መጻፍ መቼ ጀመርሽ?» ብሎ ሲጠይቀኝ «ዘጠነኛ ክፍል» እላለሁ። ውሸት ነው። የመጀመሪያ ድርሰቴን የደረስኩት ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። በወረቀት አልነበረም፤ በአፌ ነው፣ ማንበብ የማይችሉ አንድ ሽማግሌ ፊት ቆሜ። በዚያ ድርሰት ሰው አሳሰርኩ።

ያን ጊዜ ጦርነቱ ሐይቅን ረግጦ ካለፈ ዓመት አልሞላውም። ትንሽ ልጅ ሆኜ «ለውጥ መጣ» ተብሎ ሰው ሁሉ በቴሌቪዥን ሲተቃቀፍ ማየቴ ትዝ ይለኛል፤ እናቴ እልል ብላ ነበር። ከዚያ ምን እንደ ተበላሸ ሳይገባኝ ጦርነት መጣ፣ ሸሸን፣ ተመለስን። ስንመለስ ትምህርት ቤታችን ወታደር አድሮበታል። ዴስኮቹ ተማግደው አልቀዋል፤ የሰባተኛ ክፍል ግድግዳ በከሰል በተጻፈ ስድብ ተሞልቷል። የተረፈው የሁላችንም ውጤት ያለበት ሮስተር ብቻ ነበር። እሱንም ያተረፉት ዘበኛው አባባ ሙሄ ናቸው። ሰው ሁሉ ሲሸሽ እርሳቸው ቀርተው ሮስተሩን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልለው ባሕር ዛፉ ሥር ቀበሩት። «ከዚያ ሁሉ ወረቀት መሃል የሚበልጠውን እንዴት አወቁት?» ሲባሉ፣ «ማህተም የበዛበትን መረጥኩ» አሉ። ይህን ስሙልኝ፤ እኔ የበደልኩት ይህን ሰው ነው።

ትምህርት ተጀምሮ ዓመቱ ሊገባደድ ሲል የሳይንስና የድራማ ክበባችን መሪ ቲቸር ሰለሞን ለዓመቱ መዝጊያ ድራማ እንሥራ አለን። «ስለ ጦርነት አይሆንም፤ ጠግበናል። ሩቅ እንሂድ» አለ። ሩቅ ሄድን። በድራማው ከሌላ ኮከብ የመጡ ፍጥረታት ሐይቃችንን በአንድ ትንፋሽ ጠጥተው ሊሄዱ ሲሉ አንዲት ልጅ ሌዘር በሚተኩስ የብርሃን ጠመንጃ ትመክታቸዋለች። ልጅቱ እኔ ነኝ። ጠመንጃውንም እኔ ልሥራው አልኩ።

ምን ልበላችሁ፣ እንደዚያ የተደሰትኩበት ሳምንት የለም። አፈሙዙ የውሃ ቱቦ ነው። ጫፉ ላይ የተሰነጠቀ የባጃጅ ፍሬቻ ገጠምኩለት። ቃታው ከአክስቴ ፀጉር ቤት ያመጣሁት የውሃ መርጫ እጀታ ነው። ሆዱ ውስጥ ሰማያዊ አምፖል፣ ከተሰበረ የሕፃን መኪና የፈታሁት ድምፅ ማውጫም አለ፤ ቃታው ሲሳብ «ዊዩዩዩ» ይላል። የግቢ በር የሚቀባበትን ብርማ ቀለም ስቀባው ከምር ከሰማይ የወደቀ መሰለ። ትርሲት ላይ ተኮስኩባት። «ሞቻለሁ» አለች፤ «ግን ሲያምር!»

እናቴ አየችው። እናቴ አምባሰል የነበረ ወንድሟን በዚያ ጦርነት አጥታለች፤ መጥረጊያ እንኳ ሰው ትከሻ ላይ ተጋድሞ ስታይ ፊቷ ይለወጣል። አልጮኸችብኝም። «ሐዋ፣ ይሄ ነገር ይችን ሳምንት አልፎ እዚህ ቤት ካገኘሁት ሐይቁ ውስጥ ነው የምጥለው» አለችኝ። እንደምትጥለው አውቃለሁ።

ቲቸር ሰለሞን ደግሞ ሲያየው መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ ሳቁ ቆመ። «ሐዋ፣ ይሄኮ ከሩቅ ሲታይ ጠመንጃ ነው።» ያን ሰሞን የመሣሪያ ነገር ጠብቆ ነበር። መሣሪያ ብቻ አይደለም፣ መሣሪያ የሚመስልም ያለ ፈቃድ መያዝ ክልክል ነው ተብሎ ባጃጅ ላይ በተሰቀለ ድምፅ ማጉያ ተለፍፏል። ለኢድ ለሕፃናት የሚሸጡት የፕላስቲክ ሽጉጦች ሳይቀሩ ከየሱቁ ተለቅመው በጆንያ ተወስደዋል። «ያለ ፈቃድ ግቢ አይገባም» አለኝ። ርእሰ መምህሩ ዘንድ ሄዶ ማህተም ያረፈበት የትብብር ደብዳቤ አጽፎ ሰጠኝ። «እንቢ ካሉ በበትር እንሠራዋለን፣ አብሽሪ።»

ደብዳቤውን ይዤ ሦስት ቀን ዞርኩ። አንዱ ቢሮ «ድራማ ከሆነ ወደ ባህል ሂጂ» አለኝ። ባህሎቹ «ጠመንጃ ከሆነ ወደ ጸጥታ ሂጂ» አሉኝ። ጸጥታው ዘንድ አንድ ቀጭን ሰውዬ ቅጽ አውጥቶ ይጠይቀኝ ጀመር።

«የመሣሪያው ዓይነት?»

«የብርሃን ጠመንጃ።»

«የት አገር ሥሪት?»

«ሐይቅ።»

«ቁጥሩስ?»

«ቁጥር የለውም።»

«ስንት ይጎርሳል?»

«ሁለት የባትሪ ድንጋይ።»

ቢሮው በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ። ሰውዬው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «የኔ እህት፣ ክላሽ ብታመጪልኝ እኮ መላ ነበረው። ክላሽ ባለቤት አለው፣ ቁጥር አለው፣ መዝገብ አለው። ይሄን ያንቺን ግን ምን ብዬ ልመዝግበው? መሣሪያ እንዳልለው አይተኩስ፣ አሻንጉሊት እንዳልለው ያስደነግጣል።»

አለቃው ዘንድ አስገባልኝ። አለቃው አልሳቀም። ደብዳቤውን አነበበና ዳሩ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ምሪት ጻፈበት፤ ክብ ማህተም አሳርፎ ለእኔው መለሰልኝ። ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «ከጦር መሣሪያ ጋር የሚመሳሰል ስለሆነ ከዞን ፈቃድ እስኪመጣ ድረስ በግቢው ውስጥ እንዳይቀመጥ፣ እንዳይታይም።» ይኸው ነው። ቅጂ አላስቀሩም። በዓለም ላይ ያቺ አንዲት ወረቀት ብቻ ነበረች፤ እሷም በእኔ እጅ።

ስወጣ ምን አሰብኩ? እውነቱን ልንገራችሁ፤ ያሰብኩት ስለ ጠመንጃው ብቻ ነው። ቤት ካለ ሐይቅ ይገባል። ትምህርት ቤት ካለ ክልክል ነው። ዞን ያለው ደሴ ነው፤ ደሴ ማን ይወስደኛል? ቲቸር ሰለሞን መንገድ ላይ ሲያገኘኝ «መልሱ ገና ነው፤ ነገ ተብያለሁ» አልኩት። ይህቺ ትንሿ ውሸት ናት። ከዚያ ጠመንጃውን በፎጣ ጠቅልዬ ወደ ዘበኛው ቤት ሄድኩ።

አባባ ሙሄ አሱርን ሰግደው መስገጃቸውን እያጠፉ ደረስኩ።

«አባባ ሙሄ፣ ይችን ዕቃ እስከ ድራማው ቀን አኑሩልኝ።»

«ምንድን ናት?»

ፈታሁላቸው። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። «ሱብሐነላህ! አንቺ ልጅ፣ የማን መሣሪያ ነው?» ቃታውን ስስብላቸው ብርሃኑን አዩና እንደ ሕፃን ሳቁ። «ይሄ ዓሣም አይገድል!» አሉ። ግን ወዲያው ራሳቸውን ነቀነቁ። «አይሆንም፣ ልጄ። የራሴን አሮጌ ምንሽር እንኳ ያለ ወረቀት አልያዝኩ። ወረቀት አለው?»

እዚህ ጋ ትንሽ ልቁም። «የለውም» ማለት ይቻል ነበር። አንዲት ቃል ናት። ጠመንጃውን ጠቅልዬ እመለስ፣ እናቴ ሐይቅ ውስጥ ትጥለው፣ እኔም አንድ ቀን አልቅሼ ይበቃኝ ነበር። ለምን አላልኩም? ማን ያዘኝ?

«አለው» አልኩ። ደብዳቤውን አወጣሁ።

«ማህተም አለበት?»

«ይኸው፣ ሁለት።»

ጠጋ ብለው አዩት። የትምህርት ቤቱንም፣ የቢሮውንም ማህተም ዙሪያውን በጣታቸው ዳሰሱት። «ክብ ነው» አሉ፤ ፊታቸው ተፈታ። «በይ አንብቢልኝ።»

ወረቀቱን በሁለት እጄ ያዝኩ። ሰልፍ ላይ ዜና እንደማነብ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። «ጉዳዩ፣ ፈቃድ ስለ መስጠት ይሆናል። ከላይ የተጠቀሰው ዕቃ ለትምህርት አገልግሎት የሚውል መሆኑን ስላረጋገጥን፣ የድራማው ቀን እስኪደርስ ድረስ፣ ታማኝነታቸው በተመሰከረላቸው በጥበቃ ሠራተኛው በአቶ ሙሄ አሊ ኃላፊነት እንዲቀመጥ ፈቅደናል።»

ያነበብኩት ፈቃድ ወረቀቱ ላይ አልነበረም። ከየት እንደ መጣልኝ አላውቅም። አንዱ ቃል ሌላውን እየሳበ ወጣ። «ታማኝነታቸው በተመሰከረላቸው» የምትለዋ ከአፌ ስትወጣ ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ፤ ይህንን ከእናንተ አልደብቅም። የፈራሁ፣ የተንቀጠቀጥኩ ብዬ ብጽፍ ትወዱኝ ይሆናል። አልተንቀጠቀጥኩም። ኮራሁ። ዛሬም አንድ ዐረፍተ ነገር ሲያምርልኝ የሚሰማኝ ደስታ ያው የዚያን ቀኑ ነው፤ እሱን ሳውቅ እስክሪብቶዬን አስቀምጣለሁ።

አባባ ሙሄ ወደ ወረቀቱ ጎንበስ አሉ። «ስሜ አለበት?» አሉ ቀስ ብለው።

«አለበት።»

«የመንግሥት ወረቀት ላይ! የቱ ጋ ነው?»

ወፍራም ጠቋሚ ጣታቸውን ያዝኩና ዳሩ ላይ በቀይ ከተጻፈው አንዱ ቃል ላይ አሳረፍኩት። «እንዳይቀመጥ» የሚለው ላይ።

«አጂብ!» አሉ። ጣታቸውን ቶሎ አላነሡም።

ከስድስት ቀን በኋላ ፈታሾች መጡ። በጦርነቱ ጊዜ ግቢ ውስጥ ተቀብሮ የቀረ መሣሪያ አለ የሚል ወሬ ነበር። ጧት ሰልፍ ላይ ነን። የዘበኛው ቤት ከባንዲራው ፊት ለፊት ነው፤ ሁሉንም አየን። መስገጃቸውን ከሚያኖሩበት ሳጥን ፎጣውን አወጡ፣ ፈቱት። አንዱ ወጣት ፖሊስ አገላብጦ አየውና ቃታውን ሳበው። ሰማያዊ ብርሃን፣ «ዊዩዩዩ»። ጓደኞቹ መሬት ተኙ። አንደኛው ተኝቶ መሣሪያውን አቀባበለ። ገሚሱ ተማሪ አጥር ዘለለ፤ ከጦርነቱ ወዲህ ድንገተኛ ድምፅ አንችልም። ነገሩ ረጋ ሲል ከሰልፉ መሃል አንዱ ሳቀ። ከዚያ ሁሉም ሳቀ። የከፋው ያኔ ነው። ተማሪ ፊት መሬት የተኛ ባለ መሣሪያ ሲነሣ አይስቅም።

ቲቸር ሰለሞን ሮጦ ደረሰ። የክበቡ ነው፣ ለድራማ ነው፣ ፈቃድ ጠይቀናል፣ መልሱ አልመጣም፣ እስኪመጣ ግቢ እንዳይገባ ብያለሁ፤ ላብ አጥምቆት ያስረዳል። አባባ ሙሄ ግን ተረጋግተዋል።

«አብሽሩ» አሉ። «ፈቃድ አለው። ወረቀቱ ተነቦልኛል፤ ስሜም አለበት።»

«ማን አነበበልዎት?»

እሳቸው ወደ እኔ አዩ። ሁሉም ወደ እኔ አየ። የፈታሾቹ አለቃ ወደ እኔ መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ዝቅ ብሎ ነው የጠየቀኝ።

«አንቺ ነሽ የሠራሽው?»

«አዎ።»

«ፈቃድ አለው ብለሽ ወረቀት አንብበሽላቸዋል?»

ወረቀቱ ሒሳብ ደብተሬ ውስጥ ነበር። ደብተሩ ብብቴ ሥር ነበር።

«አላነበብኩም» አልኩ። «አኑሩልኝ ብቻ ነው ያልኳቸው።»

ሰማችሁኝ? እኔ ነኝ ያልኩት። ያነበብኩት እኔ፣ አላነበብኩም ያልኩት እኔ። ማንም አልመታኝም፣ ማንም አልጮኸብኝም።

አባባ ሙሄ አዩኝ። ንዴት አልነበረም። አንድ ነገር ጠፍቶበት የሚፈልግ ሰው አስተያየት ነበር። ከዚያ ወደ አለቃው ዞሩ። «እንግዲያ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ጆሮዬም ደክሟል። ልጅቱን ተዋት፣ ትማርበት።» በፒካፕ ወሰዷቸው። ከሳጥኑ የወደቀውን መስገጃ ትርሲት አንሥታ አራገፈችው። እኔ ሽንት ቤት ገብቼ ወረቀቱን ቀዳድጄ ጣልኩት።

ሦስት ሳምንት ታሰሩ። የሰፈር ሽማግሌዎች፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ዋስ ሆነው አስወጧቸው። ክስ አልቀረበባቸውም፤ ግን «ፈቃድ የሌለው መሣሪያ መሰል ዕቃ ደብቀው በመገኘት» የሚል ጽሑፍ በፋይላቸው ቀረ። በዚያ ጽሑፍ ከዘበኝነቱ ወጡ። ወረቀት የነበረው ምንሽራቸውም ተወሰደ። ድራማው? ድራማው በበትር ተሠራ። የሸንኮራ አገዳ ያህል በትር ይዤ «ዊዩዩዩ» አልኩ፤ ሰዉ ቆሞ አጨበጨበ። ጠመንጃው ከነጭራሹ አያስፈልግም ነበር።

እንደ ተፈቱ እናቴ ልትጠይቃቸው ይዛኝ ሄደች። «እንኳን አላህ አወጣዎት» አልኩ፤ መሬት መሬት እያየሁ። ሰው ሲበተን ጠሩኝ።

«ያቺ ወረቀት የት ደረሰች፣ ልጄ?»

አሁንም ጊዜ ነበረኝ። ሁለተኛ ዕድል አላህ በእጄ ላይ አኖረልኝ። እኔ ምን አልኩ?

«ጠፋችብኝ።»

«አዬ!» አሉ፤ ፊታቸው በራ። «እኔም እኮ እንዲያ ነው ያልኩ። ጠፍታብሽ ፈርተሽ ነው የካድሽው። ወረቀት ይጠፋል፣ አብሽሪ። አፉ ብዬሻለሁ፣ ከልቤ። ቅጂው ቢሮ አይጠፋም።»

እንግዲህ ይኸውላችሁ። አፉ ተብያለሁ፤ ባልሠራሁት ጥፋት። ወረቀት በመጣል ይቅር ተባልኩ፤ የሠራሁት ግን እንዳለ ተቀምጧል። ከእርግማን የሚከፋ ይቅርታ እንዳለ ያን ቀን አወቅሁ።

ከዚያ ወዲህ አባባ ሙሄ ሐይቁ ዳር ለአሣ አጥማጆች መረብ ይጠግናሉ። ሰኞ ሰኞ ግን ኮታቸውን ለብሰው ወደ ቢሮ ይሄዳሉ፤ ቅጂ ፍለጋ። «ዳሩ ላይ በቀይ የተጻፈ ነው፣ ማህተሙ ክብ ነው፣ ስሜ አለበት» ይሏቸዋል። ጸሐፊዎቹ መጀመሪያ ፈልገውላቸዋል። ያቺ ወረቀት እዚያ አልቀረችምና ምን ያገኛሉ? አሁን አሁን በመስኮት ሲያዩአቸው «አባ ሌዘር መጡ!» እየተባባሉ ይስቃሉ። ስሙ ከተማውን ሞልቶታል። የባጃጅ ሾፌሮች «አባ ሌዘር! አንድ ጊዜ ተኩሱብን እንጂ!» ይላሉ። መጀመሪያ መጀመሪያ አባባ ሙሄ ጣታቸውን ቀስረው ይተኩሱላቸው ነበር። አሁን አይተኩሱም። እኔ ድምፃቸውን ከሩቅ ስሰማ መንገድ እቀይራለሁ፤ ሦስት ዓመት፣ ሰኞ በመጣ ቁጥር።

ባለፈው ረቡዕ ቤታችን መጡ። «ድርሰት አንደኛ ወጣሽ አሉ፤ ማሻ አላህ» አሉኝ። «እስቲ ለዞን ማመልከቻ ጻፊልኝ። ቅጂው እዚያ ሳይኖር አይቀርም። ደግሞ አንቺ ወረቀቷን በዓይንሽ አይተሻል፣ ምስክሬ ነሽ።» እናቴ ከጓዳ ሆና «ምን ችግር አለ፣ ትጽፍልዎታለች!» አለች።

ተቀመጥኩ። ጻፍኩም። «ጉዳዩ፣ የጠፋ የፈቃድ ሰነድ ቅጂ እንዲሰጠኝ ስለ መጠየቅ ይሆናል» ብዬ ጀመርኩ። ሁለተኛው ዐረፍተ ነገር አማረልኝ። ሦስተኛው ከሁለተኛው በለጠ። አራተኛው ላይ «ታማኝነታቸው» ብዬ ልጽፍ ስል እጄን አየሁት። ያው እጅ ነው። ያቺ ልጅ አድጋ የት ሄደች? ይኸው ተቀምጣ በአማረ ቃል ያንኑ ውሸት ለሦስተኛ ጊዜ ልትሸጥላቸው ነው። ማመልከቻውን ገለበጥኩትና ጀርባው ላይ «ይህን ነገር እስከ አሁን ለማንም» ብዬ ጀመርኩ።

ማሳበቢያ ሞልቶልኛል። ልጅ ነበርኩ። እናቴ ልትጥልብኝ ነበር። ቢሮዎቹ እንደ ኳስ አመላለሱኝ። ጦርነት ነበር፤ በጦርነት ጊዜ ማን እውነት ይናገራል? አንድ በአንድ አነሣኋቸው፣ አንድ በአንድ ወደቁ። ያ ቀጭን ሰውዬ ቀልዶብኛል እንጂ አልዋሸኝም። አለቃው እንቢ ያለውን እንቢ ብሎ ነው የጻፈው። እናቴ እንደምትጥለው ነግራኛለች። በጦርነቱ ሰው ሁሉ ሲሸሽ አባባ ሙሄ ሮስተር ቀብረዋል። በዚያ ሁሉ መሃል የዋሸሁት እኔ ነኝ።

እስከዚህ ያለውን ዓርብ ጽፌ ጨረስኩ። ቅዳሜ ጧት ወደ ሐይቁ ዳር ይዤው ሄድኩ። አባባ ሙሄ መረብ ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል።

«ጨረስሽው?» አሉኝ።

«ሌላ ነው የጻፍኩት። ላንብብልዎት?»

«አንብቢያ!»

እንደ ተጻፈው አነበብኩላቸው። አንድም ቃል አልዘለልኩም፤ ደስ አለኝ ያልኩበትንም፣ አባ ሌዘር የሚሏቸውንም። ጣታቸውን የት ላይ እንዳሳረፍኩት ሳነብ መረቡ ላይ የነበረው እጃቸው ቆመ። ከዚያ በኋላ እጃቸውን ማየት ስላልቻልኩ ወረቀቱን ብቻ እያየሁ ጨረስኩ።

«እና ስሜ አልነበረበትም?» አሉ።

«አልነበረበትም።»

«የትም ጋ?»

«የትም ጋ፣ አባባ ሙሄ።»

ፊታቸውን ወደ ሐይቁ አዞሩ። አንድ ታንኳ አለፈች፤ አጥማጁ እጁን አነሣላቸው፤ አላዩትም። «እነዚያን የቢሮ ልጆች ሦስት ዓመት ሙሉ ውሸታሞች ስላቸው ነበር» አሉ። ደግሞም፣ «እንግዲህ ሰኞ የት ልሂድ?» አሉኝ።

እየቀለዱ መስሎኝ ቀና ብዬ አየኋቸው። አልቀለዱም።

«ቢሮ ነው የምንሄደው» አልኩ። «ከእኔ ጋር። እዚያ ቆሜ እናገራለሁ፤ ፋይልዎ ላይ ይጻፉት።» መረቡን ጠቅልለው ተነሡ።

«አፉ በሉኝ» የምትለዋ ቃል አፌ ድረስ መጥታ ነበር። ዋጥኳት። ብጠይቃቸው ይላሉ። በእኛ አገር ሽማግሌ አፉ በሉኝ ተብሎ እንቢ አይልም፤ ነውር ነው። ቃሉ በልማድ ከአፋቸው ይወጣል፣ እኔ ቀሎኝ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ፣ እርሳቸው ሥራቸውና ስማቸው እንደ ተወሰደ እዚያው ድንጋይ ላይ ይቀራሉ። ስለዚህ እርሳቸውን አልጠየቅኋቸውም። እናንተንም አልጠይቅም። አባባ ሙሄን ያሳሰርኳቸው እኔ ሐዋ ነኝ፤ አንብቢልኝ ብለው አምነውኝ፣ እያየሁ ያልነበረውን አነበብኩላቸው።